አዲሱ ባስና የጉተማ ግፊት

የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ዳሲቱ በሹፌሩ በጉተማ ክንድ ላይ የጠቀለለችውን መለኪያ ለሁለተኛ ጊዜ ነፋች፤ ቀስ ብላ አስተነፈሰችው።

«178 በ112። ካለፈው ወር ብሷል ጋሽ ጉተማ።»

«የበዛብህስ ስንት ነው?»

«የሰው የደም ግፊት ምን ያደርግልዎታል?»

ሌላው ሹፌር በዛብህ በሩ ላይ ቆሞ እጅጌውን ይጠቀልላል። «126 በ80» አለ ሳይጠየቅ።

ጉተማ በሃምሳ አራት ዓመቱ ከኮዬ ፈጬ ቂሊንጦ የፋብሪካ ሠራተኛ ያመላልሳል። ፋብሪካው አዲስ ባስ ገዝቷል። ከሁለቱ ሹፌሮች የሚይዘው በወሩ መጨረሻ ግፊቱ ከ140 በ90 በታች የሆነው ነው ተብሏል። በዛብህ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ከጉተማ አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው። ግፊት ግን ሁለቱም አለባቸው፤ ጉተማን ያንገበገበውም የበዛብህ ብቻ መውረዱ ነው። እሱ በየማለዳው ነጭ ሽንኩርት ያኝካል። በዛብህ ምንም አያኝክም። የበዛብህ ምራት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የተለየ ክኒን ባትሰጠው ኖሮ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል?

በምሳ ሰዓት በዛብህ ከባሱ ሲወርድ ጉተማ ገብቶ የበዛብህን ቦርሳ ከፈተ። የግፊት ክኒን አገኘ፦ አምሎዲፒን፣ አምስት ሚሊግራም። የራሱን ከኪሱ አውጥቶ አስተያየ። ያው ነው።

«ምን ጠፋብህ ጉቴ?» በዛብህ ከኋላው ቆሟል።

«ምራትህ የምትሰጥህን ልይ ብዬ ነው።»

«አንድ ቀን፣ አንድ የክሊኒክ መስኮት ላይ አብረን አይደል የተቀበልነው?» በዛብህ ሁለቱን እሽጎች ተቀበለውና አየ። በእሱ እሽግ ሁለት ፍሬ ቀርቷል። በጉተማ አሥራ ዘጠኝ። «ይሄን ለማን አስቀመጥከው?»

«ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ። ሳያመኝ ምን ብዬ ልዋጥ?»

«ግፊት እኮ ሳያምህ ነው የሚጥልህ። ዳሲቱ አፏ እስኪደርቅ ነግራናለች። አንተ የኔን ቁጥር ስታይ አልሰማሃትም።»

ጉተማ እሽጉን ነጥቆት ወረደ። በዚያ ቀን በዛብህን ከበፊቱ የበለጠ ጠላው። ማታ ግን አንዷን ዋጠ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሚስቱ ከወጡ ጨው ስትቀንስ ተነጫነጨ፤ ግን በላ።

በሦስተኛው ወር 134 በ84 ተለካ። አዲሱን ባስ በዛብህ ከያዘው ሁለት ወር ሆኖት ነበር።