ያልተመዘገበው ቅልጥም

ምልምሎቹ በስሙ አይጠሩትም፤ «አውራ ጣት» ነው የሚሉት። የወታደር ማሠልጠኛው የሕክምና ረዳት ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመ ቅልጥም በአውራ ጣቱ ሲጫን ኖሯል። ሕመሙ ሰፋ ብሎ ከተዘረጋ ጡንቻ ነው፤ ሳንቲም በምታህል ቦታ ከተሰበሰበ ግን አጥንቱ ሊሰነጠቅ ነው። ያኔ መዝገቡን ይከፍታል። የተመዘገበ ምልምል ስድስት ሳምንት ያርፋል፤ የሥልጠናው ዙርም ያመልጠዋል። ለዚህ ነው እሱ ብቅ ሲል የሚያነክሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚራመደው። «አውራ ጣት መጣ፣ እግርህን ደብቅ!» ይባባላሉ።

ምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ቀጭን ምልምል ጓደኞቿ ገፋፍተው ሕክምና ክፍሉ አስገቧት። ጫማዋን ገልብጦ አየው፤ የቀኙ ተረከዝ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ቅልጥሟን ተጫነው። ፊቷ አልተለወጠም፤ የአልጋውን ጠርዝ የጨበጠው እጇ ግን ነጣ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ኧረ ምንም የለኝም።»

«አፍሽን በደንብ አሠልጥነሽዋል ልጄ፤ አጥንትሽ ግን ገና ነው።»

ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት።

«አባባ፣ አይጻፉኝ። ባለፈው ዙር በጉልበቴ ቀረሁ። ሦስተኛ ዕድል የለሽም ብለውኛል። የቀረኝ እኮ አንድ የእግር ጉዞ ብቻ ነው።»

እንዲህ ያለ ልመና ስንቱን ሰምቶ አሳልፏል። እሱ ቤት ግን «አባባ» የሚል ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል፤ አንጀቱን በላችው። የእስክርቢቶውን ክዳን መልሶ ገጠመ። እግሯን በፋሻ ጠቅልሎ፣ እንደ ልማዱ ጫፉን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ «ቀስ እያልሽ» አላት። መዝገቡ ላይ የሷ መስመር ባዶ ቀረ።

የጉዞው ዕለት፣ አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ደረቅ እንጨት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ከኋላዋ ያሉት ሰሙ። በቃሬዛ አመጧት። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ውትድርናዋ እዚያ ላይ አበቃ።

«ቀድሞ ምልክት አልነበረም?» አለ አዛዡ።

መዝገቡን አገላበጡት። ንጹሕ ነው።

«ደብቃ ነዋ!» አለ አሠልጣኙ። «ጥፋቱ የራሷ ነው። እንደዚያው ተብሎ ይጻፍባትና ትሰናበት።»

እሷ ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ ወደ ታች ጎትታ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈውን የፋሻ ጫፍ ሸፈነችው።

አውራ ጣት ይህን አየ። መዝገቡን ከአዛዡ እጅ ተቀበለና ባዶዋን መስመር ፈለገ።

«አባባ፣ አይጻፉ» አለች በሹክሹክታ። አሁን የምትለምነው ለሱ ነበር።

«ያን ጊዜ ነበር እምቢ ማለት የነበረብኝ፣ ልጄ።»

«ቀኝ ቅልጥም። በእጄ ዳስሼ አውቄያለሁ። ለምናኝ አልመዘገብሁም» ብሎ ጻፈ፤ የዛሬውንም የዚያንም ቀን አኑሮ ፈረመ። ከዚያ መዝገቡን ለአዛዡ መልሶ፣ ቃሬዛዋን በራስጌዋ በኩል አነሳ።