ለእህቴ የመረጥኩት ጨው

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሳሎኔ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ ጀርባውን ሀበሻ ለሚበዛበት ለፌርፋክስ ጎዳና ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ፎቅ ላይ የምትኖረው ጓደኛዬ ከሶፋው አጠገብ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከመሃል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። በዚያ ሰዓት ጥቁር ለብሶ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለሌሎች መርዶ ይዤ ሄጃለሁ።

«እህትዎ ዐርፈዋል» አሉ ቄሱ።

እህቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛች ወር አልፏት ነበር። በየቀኑ ጠዋት እደውልላታለሁ። ብዙ አናወራም፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ይበቃኛል። ሐሙስ ስደውል ስልኩ አልተነሳም።

«እኔ አግኝቻታለሁ፤ ምርመራ ልትገባ ስትል ነው» አለችኝ ልጄ የዚያኑ ቀን። «‹ሂጂ፣ ተዝናኚ፣ ስትመለሺ ታጫውቺኛለሽ› ብላሻለች።»

ከልጄ፣ ከባሏና ከጓደኛዬ ጋር ለጉብኝት ወደ ካንሳስ የምንሄድበት ትኬት ቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ ልቀር አስቤ ነበር። እህቴ ካለችማ ብዬ ሄድኩ። አርብ ስንወጣ የልጄ ባል «እማማ፣ ስልክዎን ቻርጅ ላርግልዎት» ብሎ ተቀበለኝ። እዚያ ስንደርስ «ሶሪ እማማ፣ ቤት ረሳሁት። ደግሞ ከመሬት በታች ኔትወርክ የለም» አለ።

ያየነው የድሮ የጨው ማውጫ ነው። በጨለማ አሳንሰር ብዙ ወረድን። ግድግዳውም ጣሪያውም ግራጫ ጨው ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከንፈር ያደርቃል። ሁላችንም የሠራተኛ ሄልሜት አደረግን። ጓደኛዬ አየት አድርጋኝ፣

«አንቺ፣ በዚህ ፌርፋክስ ብትወጪ አስፋልቱን ልትቆፍር መጣች ይሉሻል» አለች።

ሳቅኩ። ልጄ ፎቶ አነሳችኝ።

በትንሽ ባቡር ስንዞር አስጎብኚው አንድ የጨው ክምር ጋ አቆመንና አንዳንድ ውሰዱ አለን። ጎንበስ ብዬ ጥቂት ፈለግኩና አንድ አነሳሁ።

«ለእህቴ ነው» አልኩ።

«እንግዲያማ ትልቁን ያዢላት፤ ያቺ ሴት ትንሽ ነገር አትወድም» አለች ጓደኛዬ።

ልጄ ጨዉን ከእጄ ተቀብላ በሶፍት ጠቀለለችው።

አሁን ሳሎኔ ውስጥ ቄሱን «መቼ?» አልኳቸው።

«ረቡዕ። ሐሙስ ተቀበሩ።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «ሐሙስ አግኝቻታለሁ አላልሽኝም?»

«እማዬ፣ ደምሽ ከፍ ይልብሻል ብለን እኮ ነው። በስልክ ከምትሰሚ ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ…»

«‹ስትመለሺ ታጫውቺኛለሽ› ያለችኝስ ማን ናት?»

ጓደኛዬን አየኋት።

«አንቺም?»

«አደራ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?»

ወጉን አውቀዋለሁ። እኔም ወንድሟ የሞተባትን ሴት ‹ትንሽ አሞታል› ብዬ አሳድሬያታለሁ። በሞተ ሰው አፍ ግን ተናግሬ አላውቅም።

እንዳለቅስ ይጠብቁኝ ነበር። ጓደኛዬ ልትይዘኝ እጇን ዘርግታለች። ጨዉ እንደተጠቀለለ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ኮቴን ደርቤ ጨዉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ከበሩ ላይ ፈቀቅ በይ» አልኳት ልጄን።

ፈቀቅ አለች። ወጣሁ።