ስክሪግ ያልሸጠው ካባ

አቶ ሌላንድ ሃስ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ከወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ የጣት ቁመት የምታህል የብረት ምስል ያነሳሉ። በአውራ ጣታቸው አቧራዋን ጠርገው ፊቷን ወደ ውጭ ያዞሯታል። ማታ ሲገቡ ደግሞ ፊቷን ወደ ቤት ይመልሷታል። ምስሏ ሰማያዊ ካባ የለበሰ ሌባ ናት፤ የቀባት ልጃቸው ኤሞሪ ነው።

መስኮቱ የሚያየው ወንዙንና የተዘጋውን የወረቀት ፋብሪካ ነው። ጉልበታቸውን እዚያ ጨርሰዋል። አሁን የአውራጃውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳሉ። ባለቤታቸው ከኤሞሪ ቀብር በኋላ እህታቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ቀሩ። ሰው ስለ አቶ ሌላንድ ሲጠየቅ፣ “ደህና ሰው ናቸው፤ አይናገሩም እንጂ” ይላል። እንዲህ የሚለው እሑድ ከሰዓት ምድር ቤታቸው ወርዶ የማያውቅ ነው።

እሑድ ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ግጥሚያ ሲያይ፣ እኛ እዚያ ታች ጠረጴዛ ከብበን የተረት ጨዋታ እንጫወት ነበር። እኔ፣ ወተት በቦቴ የሚያመላልሰው ዴርክ፣ አረጋውያን ቤት የምትሠራው ጆዲና ኤሞሪ። እያንዳንዳችን አንድ ጀብደኛ ነን፤ ኤሞሪ ሌባው ነው። ዕድላችንን የምንጥለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስነዋል። የቀረውን ሁሉ፣ ንጉሡንም ዘንዶውንም፣ አቶ ሌላንድ ናቸው የሚሆኑት። ከየዋሻው ያገኘነውን የአስማት ዕቃ የምንሸጠውም፣ የሚያስፈልገንን የምንገዛውም ስክሪግ ከሚባል አንድ ዓይና ነጋዴ ነው። አቶ ሌላንድ ግራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አገጫቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በቃ፣ ስክሪግ መጣ።

ሌሎች ቤቶች ውስጥ የዕቃው ዋጋ ከመመሪያው መጽሐፍ ይነበብና ያልቃል። እኛ ጋ ሳይከራከሩ መግዛትም መሸጥም ነውር ነበር። ጠረጴዛው ላይ አቶ ሌላንድን አንቱ የሚላቸውም የለም። ስክሪግን ማን አንቱ ይላል?

ኤሞሪ ካባውን የገዛ ዕለት ትዝ ይለኛል። ብርድ የማያስገባ ካባ ነው፤ የለበሰው ሰው በረዶ ላይ ተኝቶ ያድራል።

“አራት ሺህ ወርቅ” አለ ስክሪግ።

“ለዚህ ጨርቅ? አይጥ በልቶታል እኮ።”

“አይጡም ሙቀት ፈልጎ ነው የገባው። ዕቃ የሚያውቅ አይጥ ነው፤ እንዳንተ አይደለም።”

“አንድ ሺህ። ለዓይንህም መድኃኒት እመርቅልሃለሁ።”

“የቀረችው ዓይኔ ሌባ እያየች ነው። ውጣልኝ።”

ኤሞሪ ወጣ። የምሬን ነው፣ ተነሥቶ ደረጃውን ወጣ። ከላይ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ሰማን። አይብ እያላመጠ ተመለሰ።

“በዚህ ሳልፍ ነው። እስካሁን የሚገዛህ አጣህ እንዴ?”

“እኔስ ቤቴ ሄጄ ግጥሚያውን ባየሁ” አለ ዴርክ። “ግዛውና እንገላገል።”

ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴ ገባ። በመጨረሻ ስክሪግ በሁለት ሺህ ለቀቀለት።

“ልጄን በረሃብ ገደልክብኝ” አለ።

“ልጅም አለህ?”

“አንድ አለኝ። እሱም እንዳንተ ቀማኛ ነው።”

አባትና ልጅ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ሳቁ። ከዚያ ጠረጴዛ ሲነሡ ስለ በረዶና ስለ መኪና ዘይት ካልሆነ እምብዛም አያወሩም ነበር።

ኤሞሪ ባለፈው መጋቢት ሞተ። ራሱን አጠፋ። በከተማችን ይህን ድምፅ ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ አቶ ሌላንድ ግን በግልጽ እንድጽፈው ነግረውኛል። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ድንችና ሥጋ በመጋገሪያ ሣህን እየያዘ መጣ፤ በር ላይ አስረክቦ ሄደ። የሚቀመጥ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ደወሉልኝ። “እሑድ ኑ” አሉና ስልኩን ዘጉት። ሄድን። ዴርክ የኤሞሪን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠግቶት ነበር፤ አቶ ሌላንድ ወደ ቦታው መለሱት። ያ ጠረጴዛ ከፈረሰ የሚናገሩበት ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ጨዋታው የቆመው የበረዶ ተራራ ግርጌ ላይ ነበር። ያለ ካባው ማለፍ አይቻልም። ካባው ደግሞ ስክሪግ ጋ ነው። ገና ካለፈ ጀምሮ የኤሞሪ ሌባ ያለውን ሁሉ ለስክሪግ ሲሸጥ ነበር፤ መጀመሪያ ነፋስ የሚጠራውን ፊሽካ፣ ቀጥሎ መርዝ የሚያመክነውን ቀለበት፣ በመጨረሻ ካባውን። ለትልቅ ግዢ የሚያጠራቅም መስሎን ነበር። ወርቁን ግን ለእኛ አከፋፈለው።

“ስክሪግ፣ ክፈት” አለች ጆዲ።

አቶ ሌላንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አገጫቸው ግን አልወጣም።

“ምን ፈለግሽ?”

“ያን የአይጥ ጎጆ። አንድ ሺህ።”

“አይሸጥም።”

“እሺ ሦስት ሺህ። እንዳትለምድ ብቻ።”

“አይሸጥም አልኩሽ።”

“ሱቅ ነው ሙዚየም?” አለ ዴርክ። “ተራራው ላይ ደርቀን እንቅርልህ?”

“ቅሩ።”

ጆዲ ሳቀች፤ ብቻዋን ነበር የሳቀችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አቶ ሌላንድ፣ ካባውን ካልሰጡን እኮ ጨዋታው እዚሁ ያበቃል።”

አንቱ ማለቷ ነው። ያ ጠረጴዛ ላይ ሰምቼው አላውቅም።

የጨፈኑትን ዓይን ገለጡ። “እንግዲያው ያብቃ” አሉ። ዳይሱን እየለቀሙ ወደ ከረጢቱ መለሱ። ዴርክ ጃኬቱን ለበሰ። ጆዲ ልትጠጋቸው ብላ ተወችው።

እኔ ብርጭቆዎቹን ላጥብ ወጥ ቤት ቀረሁ። ስለ እሳቸው እንደምጽፍ በበጋው ነግሬያቸው ነበር። ከኋላዬ መጥተው ምስሏን ከመስኮቱ ደፍ አነሡ፤ ፊቷን ወደ ቤት ሊያዞሩ መስሎኝ ነበር፤ እጃቸው ውስጥ ያዟት።

“ሁሉንም ጻፊ ልጄ። ስለ ፋብሪካውም፣ ስለ እናቱም። ዛሬ ያደረግኩትንም ጻፊው። አንዲቷን ግን ተያት።”

አንዲቷን ነገሩኝ፤ ይኸው ጻፍኳት። እኔም በቦታው ነበርኩ፤ እሳቸው ያዩትን ግን አላየሁም ነበር። ኤሞሪ ካባውን የሸጠ ዕለት ስክሪግ እንደ ልማዱ ሊያናድደው ስድብ የሚሆን ዋጋ ጠራ፤ ሁለት መቶ ወርቅ። ኤሞሪ “እሺ” አለ። አልወጣም፤ ተመልሶም አልገባም።

“እሺ ሲለኝ ደነገጥኩ” አሉ አቶ ሌላንድ። “ቀና ብዬ አየሁት። ምን ሆንክ ልጄ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱን ለማለት ስክሪግን መተው ነበረብኝ፣ እናንተም ሁላችሁ ታያላችሁ። ‘ሐሳብህን ሳትቀይር ቶሎ አምጣው’ አልኩት። ሳቃችሁ። እሱም ሳቀ። ዓይኔን አልገለጥኩም።”