ጣሪያቸው እየታያቸው ያደሩበት ሜዳ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል ከእኔ ጋር ብዙም አይስማማም፤ ከገበያ ማስታወሻ ያለፈ ነገር ጽፌም አላውቅ። ስለ ጎረቤቴ ስለ ኦሪን የሚጽፍ ሌላ ሰው ባጣ ነው የደፈርኩት፤ ከተሳሳትኩ እለፉኝ።

ኦሪን ዕድሜውን ሙሉ የኔቫዳን የጠጠር መንገድ በግሬደር ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ተጎታች ቤት ገዛ። ከሚስቱ ከትዋይላ ጋር ከመኪናው ኋላ እየጎተቱት፣ ደስ ያላቸው ተራራ ሥር ያድሩ ነበር፤ ልቧ እስኪደክም ድረስ። ከዚያ ወዲህ ያለ መተንፈሻ ማሽን አትተኛም። ማሽኑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ መብራት ከየት ይመጣል? ተጎታቹ ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ጠጣ።

በዚህ ጸደይ ኦሪን ባትሪ ጨመረበትና አንድ ሌሊት እንሞክር አላት። ካልሆነ ተጎታቹን ለወንድሙ ልጅ ሊሰጠው ቆርጧል። ማሽኑ ቢጠፋ ቶሎ እንዲመለሱ ብሎ ከቤታቸው ጀርባ፣ በረሃው ላይ አቆመው። ሾርባ ይዤላቸው ብሄድ ትዋይላ በሳቅ ልትሞት ነው።

«አየሽ ኔልዳ፣ ስንት አገር አቋርጦ እንዳመጣኝ። ነይ፣ የራሴን የወጥ ቤት መስኮት ላስጎብኝሽ።»

ኦሪን ግን አልሳቀም።

እኔም ቤቴ ገብቼ ዓይኔ ከእነሱ ቤት አልተነቀለም። መብራት ከበራ አልሆነላቸውም ማለት ነው።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሲመሽ ኦሪን እንዳይበርዳት ብሎ ማሞቂያውን ለኮሰ። ማሞቂያው የሚነደው በጋዝ ነው፤ ሙቀቱን የሚገፋው ማራገቢያ ግን ባትሪውን ይመጠዋል። ይህን ኦሪን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ስለ እሷ ብርድ ሲያስብ ረሳው። ባትሪው ሲወርድ ያየችው እሷ ናት።

«አጥፋው።»

«ይበርድሻል እኮ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በትንፋሼ ነው እኮ የምትሞቀው።»

አጠፋው። ያላቸውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደርበው፣ የሱፍ ቆብ አጥልቀው ተኙ። እሱ እንኳ የተኛም አይመስለኝ፤ የማሽኑን ድምፅ ሲያዳምጥ ነው ያደረው።

ሲነጋ የቤታቸው መስኮት እንደጨለመ ነው። እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጠዋት ኦሪን መጣ። ባትሪው ግማሽ ያህል ቀርቶታል አለኝ። የተጎታቹን በርሜሎች ውሃ ሞላ፣ መድኃኒቷን ጫነ፣ ዶሮዎቻቸውን አደራ ብሎኝ፣ ትዋይላን አሳፍሮ ተጎታቹን ወደ ተራራው ይዞ ሄደ።