የፈረንጅ ስም ያለው ድንጋይ

አምና ክረምት ነው፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። ጥፋቴ ደግሞ ማንበቤ ነው።

የምንኖረው ሸኮ አካባቢ ነው። ቡናችን ከወንዙ በላይ ተዳፋት ላይ ያለች ትንሽ ማሳ ናት። ዝናቡ የታችኛውን ጫፍ ሲሸረሽረው ነጭ ድንጋይ ብቅ አለ። በነጩ ውስጥ አረንጓዴ ጅማት ተጠማዞ ያልፋል። ሲታጠብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

አባዬ ምሳውን ትቶ ሲያገላብጠው ዋለና «ኤመራልድ ነው» አለ። ኤመራልድ የሚባለውን ውድ ዕንቁ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እኔም አላየሁም፤ ግን «አዎ፣ በቲቪ ያየሁትን ይመስላል» ብዬ አገዝኩት።

በማግስቱ ሦስት የቡና እግር ቆርጦ መቆፈር ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በዚያ ስታልፍ «ጋሽ ታደለ፣ ቡናው ሰልችቶህ ድንጋይ ልትለቅም ነው?» አለችው።

«አንቺም መልቀሚያ ይዘሽ ትመጫለሽ» አላት እየሳቀ።

እማዬ አልሳቀችም። «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው» አለች።

ቴፒ ካምፓስ የጂኦሎጂ መምህር እንዳለ ሰምተን ነበር። አባዬ አፉን የፈታው በሸኮኛ ነው፤ አማርኛውን ገበያ ላይ እንጂ ቢሮ ውስጥ አይደፍርም። ስለዚህ ድንጋዩን በፌስታል ቋጥሮ እኔን ላከኝ።

መምህሩ ጥሩ ሰው ነው። አረንጓዴውን በቁልፉ ጫረው፤ ዱቄት ወጣ። ነጩ ላይ አሲድ ጠብ ሲያደርግ እንደ ለስላሳ አረፋ ሠራ።

«ነጩ እብነ በረድ ነው። አረንጓዴው ሰርፔንታይን ይባላል፤ እብነ በረድ ውስጥ ትኩስ ውሃ ሲገባ ከሚፈጠሩት አንዱ ነው። ኤመራልድ ቢሆን ቁልፍ አይጭረውም ነበር» አለኝ።

«ለወለል ንጣፍስ አይሆንም?»

«ይሄ አይሆንም። ሲቆረጥ አረንጓዴው ባለፈበት ሁሉ ይሰነጠቃል። አባትሽ ቡናቸውን ይያዙ።» ከዚያ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጽፎ ወረቀቱን ሰጠኝ። አንደኛው የድንጋዩ ስም ነው። ሁለተኛው እንደማይጠቅም ይናገራል።

ቤት ስደርስ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ወረቀቱን ዘረጋሁ። እንግሊዝኛዬን ሰው እንዲሰማልኝ ስለፈለግኩ ምላሴን እየጠቀለልኩ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፤ «ሰርፔንታይን ኢን ማርብል»።

«በሉ፣ ሰማችሁ? የፈረንጅ ስም አለው» አለ አባዬ። «ስም የሌለው ነው ኮረት የሚሆነው።»

አጨበጨቡ። ለእኔም ያጨበጨቡልኝ መሰለኝ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን መስመር ስነግረው የታችኛው ቡና በሙሉ ተቆርጦ አልቋል። እማዬ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣ ያልበሰለውን ፍሬ ከወደቁት ቅርንጫፎች ትለቅማለች። ምን ልታደርገው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

«መምህሩ መሬቱን መጥቶ አይቶታል?» አለኝ አባዬ።

«አላየም።»

«እንግዲያው» አለና ዶማውን አነሳ።

አሁን ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ እንቁራሪት ይጮህበታል። አባዬ ግን ከላይኛውም ቡና መቁረጥ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ከሚዛን የመጣ እንግዳ ነበርና ወረቀቱን አንብቢለት አለኝ። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም መስመር በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ።

አባዬ ወደ እንግዳው ዞሮ «ልጅ ናት፤ ሁለተኛውን መስመር ገና አልተማረችውም» አለው።

እንግዳው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። አሁን ስጽፈው ግን ሳቄ አልመጣም። ዘንድሮ ከእማዬ ጋር ቡና ለቀማ የወጣነው የሰው ማሳ ላይ ነው።