የአማቴ የማር ጨረቃ

በተጋባን ሰሞን የባለቤቴ ቤተሰቦች ለቅልቅል ሸኮ ወዳለው ቤታቸው ጠሩን። እኔ ሚዛን ተወልጄ ያደግሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ አማን ውስጥ ጋራዥ ይሠራል። ምሳ ተበልቶ ሰዉ ዘና ሲል ከሚዜዎቹ አንዱ «ሃኒሙን የት ልትሄዱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። የትም አንሄድም ነበር። አማን በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ አልጋችንን እንኳ ገና ገጣጥመን አልጨረስንም።

አማቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ገበያ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ሃኒሙን ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ቃል ነው አባባ። ሃኒ ማር፣ ሙን ደግሞ ጨረቃ።»

«የማር ጨረቃ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄን ቃል ያወጣ ሰው ቀፎ አያውቅም። ማር በጨረቃ አይቆረጥም፤ ንቡ ያይሃል።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ደግሞ የማስተምረው ቋንቋ ሲሳቅበት ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ጨረቃ የተባለው ወር ለማለት ነው» አልኩ። «ድሮ ፈረንጆች ሙሽሮችን ወር ሙሉ የማር ጠጅ ያጠጧቸው ነበር ይባላል።» ይህን ከየት እንደሰማሁት አላውቅም። ክፍል ውስጥ ስናገረው ግን ተማሪው ሁሉ ይወደዋል።

አማቴ አልሳቁም። «ወር ሙሉ» አሉ ለራሳቸው። «ፈረንጅ ይሄን ካደረገ እኛ ማር ያለን ሰዎች ምን ሆነን ነው?»

በዚያው ሳምንት ማሩ መምጣት ጀመረ። ከቴፒ በሸኮ በኩል የሚመጣው ሚኒባስ ረዳት እየደወለ «መናኸሪያ ዕቃ አለሽ» ይለኛል። ማሩ አንዴ በቅል፣ አንዴ በጀሪካን፣ አንዴ በቀለም ባልዲ ይመጣል፤ ነጭም፣ ጥቁርም፣ መረር የሚልም አለው። በዳቦ በላነው፣ በሻይ ጠጣነው፣ ለአከራያችን ሰጠን፣ ለጎረቤት አደልን። በመጨረሻ ጎረቤቶቻችን ሳህን ይዤ ስወጣ ሲያዩኝ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። ጉንዳኑ ከደጃፍ እስከ አልጋችን እግር መንገድ አበጀ።

«ለአባትህ በቃ በላቸው» አልኩት ባለቤቴን።

«የነገርሻቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺ በያቸው።»

«የኔ አባት ናቸው እንዴ?»

«የኔ እንግሊዝኛ ነው እንዴ?»

የትዳራችን የመጀመሪያ ኩርፊያ ይኸው ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል መኮራረፍ እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል፤ አንዱ እንዲያልፍ ሌላው አልጋ ላይ መውጣት አለበት።

በማግስቱ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። የፈለግሁት ማሩን በትሕትና የምመልስበት ሰበብ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ስለ ጠጁ አንድም ነገር የለም። ቃሉ ድሮ ሲጀመር ሙሽሮችን መቀለጃ ነበር፤ ፍቅራቸው ዛሬ እንደ ማር ይጣፍጣል፣ ነገር ግን ጨረቃ ሙሉ በሆነች ማግስት መጉደል እንደምትጀምር እሱም ይጎድላል ለማለት ነው። የሙሽሮች ጉዞ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው። የኛ አማርኛ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ጫጉላ ሲል ለሙሽሮቹ የተሠራላቸውን ጎጆ ያነሣል እንጂ መቼ ትሰለቻቻላችሁ ብሎ አያሟርትም።

ቅዳሜ አማቴ ባልዲ አንጠልጥለው ራሳቸው መጡ። ባለቤቴ ኮርኒሱን ኮርኒሱን ማየት ሲጀምር እኔው ጉሮሮዬን ጠርጌ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ባልዲውን መሬት አስቀመጡ።

«እንግዲያው ተሳስተናል» አሉ። «ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ሳለች ማር ምን ያደርግላታል? ማር የሚያስፈልገው ስትጎድል ነው።» ይህን ብለው ባልዲውን መልሰው አነሡት።

ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቄን መግታት አቃተኝ። ኩርፊያችን እዚያው ላይ አለቀ። ለአማቴ ሻይ አፈላሁላቸው፤ በስኳር።

ከዚያ ወዲህ ሲደውሉልኝ ከሰላምታው ቀጥለው «ጨረቃዋ እንዴት ናት?» ይሉኛል።

«ሙሉ ናት አባባ።»

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለቤቴ ሳይነግረኝ የጋራዡን ሰዎች በሙሉ ለምሳ ይዞ የመጣ ዕለት፣ «ትንሽ ጎድላለች» አልኳቸው። እንግዶቹ ገና ሳይወጡ ከመናኸሪያ ተደወለ። ባለቤቴ ሄዶ ትልቅ ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?» አለኝ።

ነገርኩት። ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አወረደና እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረ።