የውሰት ዲስክ

ደገፋ ባዶ ዲቪዲ ሲገዛ፣ ሃምሳው ዲስክ የተሰካበትን የላስቲክ ዘንግ ገልብጦ ከታች ይጀምራል። ነጋዴ ደህና ደህናዎቹን ከላይ እንደሚያደርግ ያውቃል። አንዱን ያወጣና ጠርዙን በጥፍሩ ይዞረዋል፤ ሙጫው ካልተስተካከለ ጥፍር ይይዛል። ቀጥሎ በመሀል ቀዳዳው ዙሪያ የተቀረጸውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ከሌለ ፎርጅድ ነው። በመጨረሻ በሩ ላይ ወጥቶ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል። ፀሐይዋ ጥርት ብላ ከታየች ቅቡ ሳስቷልና ይመልሰዋል።

ይህን ሁሉ ያስለመደችው ሚስቱ ሐና ናት።

ሁለቱ ከሳውላ ወደ ጂንካ የመጡት በ1996 ዓ.ም. ነው። ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ግማሹን በመጋረጃ ከለሉት፤ ከፊት ቪዲዮ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ። ልጅ አልወለዱም። በየሠርጉ ደገፋ ካሜራውን ይይዛል፣ ሐና በረጅም ገመድ የምትጎተተውን የሺህ ዋት መብራት ከፍ አድርጋ ከጎኑ ትቆማለች። ካሜራው ወደ ግራ ሲዞር እሷ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። መብራት ያዥ ምስል ውስጥ ከገባ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ሐና ደግሞ ሥራ አታበላሽም። በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሠርግ ቀርጸው እሷ የታየችው በአንዱ ብቻ ነው።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነበር። ካሴቶቹ ስድስት ናቸው። ሌላ ለማምጣት አዲስ አበባ ድረስ ሰው መላክ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ሠርግ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ በዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለው ሠርግ ይቀረጽበታል። ለባለቤቱ የሚሰጠው ሁለት ዲስክ ነው። በአንዱ ላይ ሐና በእጅ ጽሕፈቷ «የቤት» ብላ ትጽፋለች፣ በሌላው ላይ «የውሰት»። በዚህ አገር የሠርግ ዲስክ የጎረቤት ሁሉ ነው። አንዱ ቤት አይቶ ለሌላው ያቀብላል፣ አንዳንዱም ሄዶ ይቀራል። የውሰቱ ይሂድ፣ የቤቱ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል።

በ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ደገፋ ወይጦ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር አምስት ዘንግ ባዶ ዲስክ በግማሽ ዋጋ ገዛ። ደስ እያለው ተሸክሞ ገባ። ሐና አንዱን አውጥታ በመዳፏ መዘነችው።

«ደጌ፣ ይሄ ይቀላል።»

«ዲስክ ነው እኮ፣ ሥጋ አይደለም በኪሎ የሚገዛው።»

በሩ ላይ ወጣችና ወደ ፀሐይ አነሣችው። «ና እየው፣ የጎረቤታችን ዶሮ በዚህ በኩል ትታየኛለች።»

«ዶሮዋን ተያትና ምስሉን ገልብጪበት። ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ።»

«ዛሬማ ይሠራል።»

ከተጨቃጨቁ በኋላ መሀል ላይ ተስማሙ። የውሰቱ ዲስክ ከእጅ እጅ ስለሚዞር በደህናው ይገለበጥ፤ የቤቱ አይነካምና በርካሹ ይሁን። ለሁለቱም ሐሳቡ ልክ መሰላቸው። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ሙቀት ብቻውን ዲስክ ሊገድል እንደሚችል ያን ጊዜ አላሰቡትም።

በዚያው ጥር ቀይ አፈር ከተማ ባሮክ የሚባል የእርሻ ሠራተኛ አረጋሽን አገባ። ምሳ ሰዓት ላይ ደገፋ ካሜራውን አስቀምጦ ሳህን ሲያነሣ የሙሽራው ወንድም ካሜራውን አንሥቶ መቅረጽ ጀመረ። ዞር ዞር አድርጎ መብራቷን እንደያዘች የቆመችው ሐና ላይ አነጣጠረ። «አታንሣኝ! ኧረ አታንሣኝ!» ብላ መብራቷን ወደ ካሜራው አዞረችበት። ምስሉ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሳቋ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ክንዷ ሲደክማት መብራቷ ዝቅ አለችና ፊቷ ወጣ። «ደጌ፣ ና እንጂ ካሜራህን ተቀበል!» ትላለች። ሁሉም ተደምሮ አርባ ሰከንድ ነው።

ደገፋ ሲያቀናብረው ሊቆርጠው ነበር። ሐና ከኋላው ቆማ፣ «ተወው። እኔም እኮ ሠርጉ ላይ ነበርኩ» አለችው። ተወው። በሳምንቱ በዚያ ካሴት ላይ የጂንካ ሠርግ ቀረጸበት።

ሐና በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ታማ ሞተች። ደገፋ የመብራቱን ሥራ ለግድግዳ ሰጠው፤ መብራቷን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ይቀርጻል፣ ጥላው ቢበዛም ሰው አይጠይቀውም። ማታ መጋረጃውን ገልጦ ይገባል፣ አንድ ሳህን ያጥባል። ፎቶዋ አለው፤ ለመታወቂያ የተነሣችው፣ ኮስተር ያለ። ድምፅ ግን የለውም። ቀይ አፈር ባሮክ ቤት ዳንቴል ስር አርባ ሰከንድ እንዳለች እያሰበ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረ። ሄጄ ልገልብጠው ይልና መልሶ ይተወዋል። እዚያ እስካለች የትም አትሄድም።

በ2006 ዓ.ም. መጋቢት ባሮክ ራሱ ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቁ መጣ።

«ጋሽ ደገፋ፣ ይሄ ነገርህ ዲስክ የለም ይለኛል። አረጋሽ በልጁ ልደት ከፍታው ሰው ፊት አፈረች።»

ደገፋ ተቀበለና ገለበጠው። ቅቡ ከጠርዙ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። በሦስት ማጫወቻ ሞከረው። አንዱም አላነበበውም።

«ካሴቱ አለህ አይደል?» አለ ባሮክ።

«የለኝም።»

«እንዴት የለህም?»

«ሌላ ቀርጬበታለሁ።» ደገፋ ተቀመጠ። «የውሰቱስ? የውሰቱ የት ነው?»

ባሮክ ለአረጋሽ ደወለና ስልኩን አቀበለው። አረጋሽ ብዙ አላሰበችም። «ለመምህር እውነቱ አውሼው ነበር። ከዚህ ሲቀየር ይዞት ሄደ መሰለኝ። ቁጥሩን ልስጥህ?»

መምህር እውነቱ ወይጦ ነበር ያለው። ሲደወልለት ሳቀ። «ኧረ እሱ ድሮ ነው! አልዱባ ቪዲዮ ቤት ላለው ለዶላሞ ሰጠሁት። እስካሁን ቢኖር ይገርመኛል።»

ደገፋ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ በአይሱዙ ቀይ አፈር ገባ፤ ከዚያ በሞተር ተፈናጦ አልዱባ ደረሰ። የገበያ ቀን ነው። የዶላሞ ቪዲዮ ቤት ከገበያው ዳር ያለች፣ ጄኔሬተር ውጭ የሚጮህባት ጭቃ ቤት ናት። አግዳሚዎቹ ላይ ማር የሸጡ፣ ፍየል ያልተሸጠላቸው፣ መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

«የሠርግ ዲስክ? የባሮክና የአረጋሽ?» አለ ዶላሞ፤ ወፍራም፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እሱን እኮ በየማክሰኞው ነው የማሳየው! የካራቴውን ሲጨርሱ እሱን ክፈት ይሉኛል። ዘመዳቸውን ይፈልጉበታል። ደግሞ ያቺ ሴትዮ አለች...»

«የቷ ሴትዮ?»

«መብራት የምታበራብን። ቆይ ተቀመጥ፣ አሁን ታያታለህ።»

ለደገፋ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ቦታ ተለቀቀለት። ዲስኩ ተጭሯል፣ አንዳንድ ቦታ ምስሉ ይደናቀፋል፣ ግን ይሄዳል። የምሳው ክፍል ሲደርስ ቤቱ ውስጥ እንቅስቃሴ ተጀመረ። አንዲት አሮጊት በአሪኛ አንድ ነገር ስትል ሁሉም ሳቀ። ካሜራው ዞረ። «አታንሣኝ!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ እጁን አንሥቶ ዓይኑን ሸፈነ። መብራቱ ግድግዳውን ነጭ አደረገው። ሰዉ ከመዳፉ ስር ይስቃል፣ ሐናም ትስቃለች።

ደገፋ ብቻውን ዓይኑን አልሸፈነም።

ፊቷ ወጣ። «ደጌ፣ ና እንጂ!» አለች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሁሌ እንደሚለው ሆኖ፣ «ና እንጂ ደጌ፣ ተጠራህ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ እንደገና ሳቀ።

ሲያልቅ ደገፋ ዶላሞን ውጭ ጠራው። «ዲስኩን ለአንድ ሳምንት ስጠኝ። ገልብጬ አዲስ አመጣልሃለሁ። መታወቂያዬን ያዝ።»

«መታወቂያህን ማን ያይልኛል፣ ጋሼ? በዚያ ላይ ፎቶህ እንደ እሷ አይስቅም።» ዶላሞ ፊቱን አየውና ቀልዱን ተወ። «ታውቃታለህ እንዴ?»

«ሚስቴ ነበረች።»

ዶላሞ ገብቶ ዲስኩን አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ሰጠው። «ማክሰኞ ግን መልስልኝ። ካጧት ይረብሹኛል።»

ረቡዕ ጠዋት ደገፋ ሱአድ ሱቅ ገባ። ሱአድ የስልክ ዕቃ ትሸጣለች፤ ባዶ ዲስክ አሁን እላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

«ጋሽ ደገፋ፣ ሰው ሁሉ በሚሞሪና በፍላሽ ሆኗል። ፍላሽ ልስጥህ፣ ሺህ ጊዜ ትጽፍበታለህ።»

«እሱን ነው የማልፈልገው።»

«ምኑን?»

«ሺህ ጊዜ መጻፉን። ዲስክ አንዴ ከተጻፈበት ማንም በላዩ አይጽፍበትም። እኔም ብሆን። እስቲ ያንን አውርጂልኝ።»

ሱአድ መሰላል ላይ ወጥታ አወረደችለት። ዘንጉን ገልብጦ ከታች ጀመረ። ጥፍር፣ ቁጥር፣ ፀሐይ። ከበሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ በሩ ሲመላለስ ዘንጉ ላይ ከቀሩት ሠላሳ ዲስኮች ሃያ ስድስቱን መለሰ።

«ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ገበያዬን ልትዘጋብኝ?» አለች ሱአድ። «ውሰደው፣ በሻይ ዋጋ። ከላዩ አቧራውን ስላነሣህልኝ።»

ቤቱ ገብቶ ማጫወቻውን በጥጥ አጸዳ። የተጫረ ዲስክ በተነበበ ቁጥር ይደክማልና አንዴ ብቻ ሊያነበው ወሰነ። ኮምፒውተሩ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ቆመ፤ ዲስኩ ውስጥ ሲፋጭ ይሰማል። ደገፋ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቆይቶ ስልሳ ሁለት አለ። ሲያልቅ በዝቅተኛው ፍጥነት ሦስት ገለበጠ፤ ችኮላ ዲስክን ያበላሻል።

በአንዱ ላይ «የቤት» ብሎ ጻፈ፣ ለአረጋሽ። በሁለተኛው ላይ «የውሰት»፣ ለዶላሞ። በሦስተኛው ላይም «የቤት» ብሎ ጻፈና መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ያን ማታ ከፈተው። «አታንሣኝ» ስትል እጁ ሳያስበው ተነሥቶ ዓይኑን ሸፈነ። ከመዳፉ ስር ሆኖ ሳቋን ሰማ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚስቅ አልነበረም። ዲስኩን አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለና ሙቀት የማይደርስበት፣ አልጋው ስር አኖረው።

ማክሰኞ አልዱባ ሄዶ ለዶላሞ አስረከበ። ዶላሞ፣ «አሁን የራስህ አለህ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» ሲለው፣ «ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለና የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

በሚቀጥለውም ማክሰኞ ጂንካ የመጡ ደንበኞች ሱቁን ዝግ አገኙት።